በማኅተም የታሸገው ዕጣ

ወረቀት ተጠቅልሎ በሚወጣ ዕጣ ላይ ሐሜት አይጠፋም። አንዱ ወረቀት ጠርዙ ታጥፎ ነበር ይባላል፤ ሌላው በእጅ ሲነካ ከሌሎቹ ይሞቅ ነበር ይባላል። ስለዚህ አዲስ የተቀጠሩ አሥራ አራት መምህራን የሥራ ቦታቸው በኮምፒውተር እንዲወጣ ጠየቁ፤ ፕሮግራሙን እንድሠራ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ውስጥ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተር የተማርኩት ከስልኬና ከተበላሹ ማሽኖች ነው።

ታላቅ እህቴ ከአሥራ አራቱ አንዷ ነበረች። ይህን አስቀድሜ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነገርኩት። "ማሽን ምን እህት አለው?" ብሎ ሳቀ።

እናታችን ከታመመች ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ መናገርም ትታለች። የምታጥባት፣ የምታለብሳት፣ የምታገላብጣት እህቴ ነበረች። ጉቶ ጊዳ ወይም ዲጋ ቢደርሳት ከቤት እየተመላለሰች ታስተምራለች። አንገር ጉቲን ከደረሳት ግን እዚያው መኖር አለባት፤ ቆላ ነው፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነው። ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ብዙ አልተወራም።

ፕሮግራሙ ቀላል ነበር። መምህሩ ስሙ ሲጠራ ወደ ፊት ወጥቶ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ከቀሩት ቦታዎች አንዱን ያወጣል። ቁልፉን ራሳቸው ካልተጫኑ ያሉት መምህራኑ ናቸው፤ በገዛ እጅ ያልተነሣ ዕጣ ዕጣ አይደለም አሉ። የቦታዎቹ ዝርዝር የደረሰኝ በመጨረሻው ሰዓት ነበር። አስገብቼ፣ በዋዜማው ከቀትር በፊት ላፕቶፑን አስረከብኩ። ኃላፊው ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፎ ማኅተም መታበት፤ ሦስት የመምህራን ታዛቢዎች ፈረሙበት።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ የቀረውን ቅጂ ሞከርኩት። ማንኛውንም ነገር ሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት ሁለት ጊዜ መሞከር ልማዴ ነው። አሥራ አራት ጊዜ ተጫንኩ። ዘጠነኛው አንገር ጉቲን ነበር። እህቴ በስም ተራ ዘጠነኛ ናት። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ዘጠነኛው አሁንም አንገር ጉቲን፤ ሌሎቹም እንደነበሩ ናቸው። ስህተቱ ወዲያው ገባኝ። ማሽን በዘፈቀደ አይመርጥም፤ ከአንድ ቁጥር ተነሥቶ ያሰላል። መነሻውን ከሰዓቱ እንዲወስድ አንድ መስመር መጻፍ ነበረብኝ፤ ረስቻለሁ። ስለዚህ በተከፈተ ቁጥር ያንኑ መንገድ ይሄዳል።

ሄጄ መናገር እችል ነበር። ማኅተሙ ይቀደዳል፣ ታዛቢዎቹ ይጠራሉ፣ የእህቱን ቦታ አይቶ ሊያስቀይር መጣ ይባላል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ግን ከመሄድ የቀረሁት ይህን ስላሰብኩ ነው ለማለት አልችልም። ተቀመጥኩ፣ በቃ። ማታ ቤት ስገባ እህቴ የእናታችንን ጥፍር ትቆርጥ ነበር። ምንም አልነገርኳትም።

ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ታዛቢዎቹ ፊርማቸውን አመሳከሩ፤ ማኅተሙ ተቀደደ። የመጀመሪያው መምህር ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ተጫነ። ሁለተኛዋ ዓይኗን ጨፍና በኦሮምኛ ጸለየች። ሦስተኛው ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ "ልታገባት ነው እንዴ?" አለው አንዱ ከኋላ፤ ተሳቀ። ሁሉም ትናንት ያየሁት ቦታ ደረሳቸው።

አምስተኛው ሲጠራ አልነበረም። የተሳፈረበት ባጃጅ ስለተበላሸ እንደሚዘገይ፣ ሌላ ሰው ቢጫንለትም እንደሚስማማ በስልክ አሳወቀ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

"ይዘለልና መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ወይስ አንተ ትጫንለት? ለማሽኑ የሚመቸው የቱ ነው?"

ለማሽኑ ሁለቱም አንድ ነበር። ቢዘለል እህቴ ስምንተኛ ሆና ትጫናለች፤ ስምንተኛው ጉቶ ጊዳ ነው። አንገር ጉቲን ደግሞ ከእሷ ቀጥሎ ለሚጠራው፣ ከጎጃም ለመጣውና እዚህ ማንንም ለማያውቀው ወጣት ይደርሳል። ይህን ለማስላት ጊዜ አልወሰደብኝም።

"ልጫንለት" አልኩ። ተጫንኩም።

ስለዚያች ቅጽበት ብዙ አስቤአለሁ። ፍትሕ አልነበረም፤ ስለ ጎጃሙ ወጣት አልተጨነቅሁም። ፍርሃትም አልነበረም። ትናንት አሥራ አራቱን በተራ ሞክሬአለሁ፤ ዛሬም አሥራ አራቱ በተራ ሄዱ። ሰው ሲመርጥ ውስጡ የሚሰማው ነገር ካለ፣ እኔ አልሰማሁትም።

እህቴ መጣች፣ ተጫነች፣ አንገር ጉቲን የሚለውን አነበበች። "ሃ ታኡ" አለች፤ ይሁን ማለቷ ነው። ተመልሳ ተቀመጠች። የጎጃሙ ወጣት ስሬ ደረሰው፤ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

አሁን እናቴን የማጥበው እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ እናቱን ማጠብ በእኛ ዘንድ አልተለመደም። ውሃውን ሳቀርብ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ጨርሼ እስክሸፍናት አትገልጥም።

እህቴ በሄደች በሦስተኛው ወር ደወለች። ኔትወርክ የምታገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለ ጉብታ ላይ ስትወጣ ነው። ስለ እናታችን ጀርባ ጠየቀችኝ፤ እንዳልቆሰለ ነገርኳት። ዓይኗን እንደምትጨፍንም ነገርኳት።

"ኦቦሌሳ ኮ" አለች። ወንድሜ ስትል ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። "አንተ ሳትሞክር ለሰው የምትሰጠው ነገር የለም። ያን ቀን ታውቅ ነበር፣ አይደል?"

"አውቅ ነበር።"

"መቀየር ትችል ነበር?"

እውነተኛውን መልስ ፈለግሁ። ኃላፊው ጠይቆኝ ነበር፤ "ይዘለል" የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያ ጠዋት ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ቢከፈት ግን ሺህ ጊዜ "ልጫንለት" የምል ይመስለኛል።

"አላውቅም" አልኳት።

በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማ ነበር።

"ነጠላዋን ሳትገልጥ ከሥሩ እጠባት" አለች። "እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።"

በማግስቱ እንዳለችኝ አደረግሁ። እናቴ ዓይኗን አልጨፈነችም። እስክጨርስ ድረስ ግድግዳውን ታይ ነበር።