የሚያውቀው በር

ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልበትም። ሻይ እንኳን እስኪፈላ ቆሜ ነው የምጠብቀው። እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው እንግዲህ መንግሥት ባሏን ወስዶ ጠብቂ ያላት።

ባሌ የግብርና መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አንድ ጠዋት ለጦሩ ስንቅ እንዲያመላልስ ከነመኪናው ወደ ሰሜን ታዘዘ። መጀመሪያ ላይ ሰላምታው በሰው በሰው ይደርሰኝ ነበር፤ ቆየት ብሎ እሱም ቀረ። የማስተምርበት ክፍል መስኮት ወደ ነቀምቴ መንገድ ያያል። የጭነት መኪና ድልድዩ ጋ ደርሶ ማርሽ ሲቀይር ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ተማሪዎቼ ለምደውት ስለነበር መኪናው እስኪያልፍ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ይጠብቁኛል።

የምንኖረው አምቦ መሀል፣ በቀበሌ ቤት ነበር። ኪራዩ ከምንም አይቆጠርም፤ ቤቱም እንደዚያው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው ያፈሳል፣ ለቀበሌው እናመለክታለን፣ ቀበሌው ይመዘግባል፣ ክረምቱ ያልፋል። የጋራው ግድግዳ ስስ ስለነበር ጎረቤቴ ሲያነጥስ ይማርህ የምለው እኔ ነበርኩ። ባሌ ግን ቤቱን ይወደው ነበር። “ተከራይ ማለት ነፃ ሰው ነው፤ ነገ ቢያዛውሩን ጓዛችንን ጭነን መሄድ ነው” ይላል። የሾፌር ሐሳብ! እኔ ደግሞ ማንንም ሳላስፈቅድ ሚስማር የምመታበት ግድግዳ ያምረኝ ነበር። በዚህ ስንጨቃጨቅ ክርክሩን ሳንጨርስ ሄደ።

የመምህራን የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን መሬት ያገኘው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ለእኔ በዕጣ የደረሰኝ ከከተማው ዳር፣ በወንጪ መውጫ በኩል ነበር። በተባለው ጊዜ ውስጥ ካልሠራሁበት ለተረኛ ይሰጣል። ሕጉ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ አይፈቅድም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነገሩን አላድበሰበሰብኝም።

“ጓዲት መምህርት፣ ቆርቆሮው የተመታ ዕለት የዚህን ቤት ቁልፍ ታስረክቢያለሽ። ቤት የሌለው ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።”

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሬ ሰው። መንግሥት ግን አንዱን ንቀል አለኝ። ባሌ በሕይወት ኖሮ አንድ ቀን ቢመለስ የሚያንኳኳው የቀበሌውን በር ነው፤ ሌላ በር አያውቅም። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነበር። ጣሪያውም፣ ኪራዩም፣ ሚስማሩም ሰበብ ነው።

አማቴ የሚኖሩት ጉደር ነው። ወሬውን እንደሰሙ ቅዳሜ ገበያ እንኳን ሳይገቡ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጡ።

“ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሲያባብሉኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር የሚጀምሩት። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ልጄ ይህን በር ነው የሚያውቀው። መጥቶ ሌላ ሰው ቢከፍትለት ምን ይላል?”

“ካልመጣስ እማ?”

ያን ቃል ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ልመልሰው ፈለግሁ። አማቴ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩና፣ “ሥሪው እንግዲህ። ግን ምሰሶ ያለ አባወራ አይቆምም” አሉኝ።

መላውንም የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። ደቦ የጠራሁ ቀን የባሌን ኮት ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ምሰሶ እንደቆመ ኮቱን አናቱ ላይ ሰቀሉት፤ እሱ እንዳለ ይቆጠርልን ብለው። እኔም ደስ አለኝ። ትከሻው ላይ አሁንም የናፍጣ እድፍ ነበረበት። ወንዶቹ ሌላውን ምሰሶ ይተክላሉ፣ ከፊሎቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር ይረግጣሉ፣ አማቴ ከኮቱ ሥር ቆመው ይመርቃሉ።

በዚያ መንገድ ከወንጪ ድንች ይዛ ወደ ገበያ የምትወርድ አንዲት ሴት ነበረች። ባሌ ድሮ በመኪናው እየጫነ ያደርሳት ነበር። ቀና ስትል የተሰበሰበ ሰው አየች፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የወንድ ኮት አየች፣ ከሥሩ እናቱን አየች። እኛ ዘንድ ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ሲቀር የሚለቀስለት ልብሱ ወጥቶ ነው። ድንቿን መሬት ላይ ጥላ ደረቷን እየደቃች ወደ እኛ ሮጠች።

“ዋይ! የኔ ደግ! ዋይ!”

ከኋላዋ የነበሩት ገበያተኞችም ተከተሏት። ጭቃ ረጋጮቹ ቆሙና ተያዩ። መርዶ እንደሚደበቅ ሁሉም ያውቃል፤ ለቤተሰቡ እስኪነገር ድረስ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ይከርማል። እያንዳንዱ፣ ሌላው ሰምቶ እሱ ያልሰማ መሰለው። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አማቴ ዙሪያቸውን አይተው፣ የደበቁኝ ነገር ነበር ለካ ብለው እሪ አሉ።

ለአፍታ እኔም አመንኩ። ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ግን ዕረፍት ነበር፤ ከእንግዲህ መስኮት ጋ መሮጥ የለም የሚል ዕረፍት። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ኮቱን ከምሰሶው አወረድኩና እኔው ለበስኩት።

“ማንም አልሞተም!” ብዬ ጮህኩ። “ጭቃው ሳይደርቅ እርገጡ!”

ጫማዬን አውልቄ እኔም ገባሁበት። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። የወንጪዋ ሴት ይቅርታ እየጠየቀች ድንቿን ለምሳ ቀቀለችልን።

ወሬው ግን ከተማውን ዞረ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያየው እጄን ነበር። ቁልፉን ካስረከበች ባሏን ቀብራዋለች ማለት ነው ተባለ፤ አማቴም እግራቸውን ከቤቴ አራቁ። ሊቀመንበሩ አንዴ ሲያሳስበኝ ነገ አልኩት፤ ሁለተኛም ነገ አልኩት። በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ የቀበሌው ቤት በር ተንኳኳ። ከመክፈቴ በፊት መወርወሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች ናቸው ብዬ ነው። ስከፍት እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤቴ ነበረች። ከዚያ በር ኋላ ስኖር የማስበው ባሌን ሳይሆን መርዶውን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በዚያው ዕለት ቁልፉን ወስጄ አስረከብኩ።

ቤቱ ለአንዲት ነርስ ደረሳት። ሰው ቢመጣ ወንጪ መውጫ በይልኝ ብዬ አደራ አልኳት። አደራውን ብሰጥም አላረፍኩም፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ በኩል ዞሬ፣ መጣ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር ቤቴ የምገባው። ነርሷ በመጨረሻ ገና ስታየኝ ራሷን ትነቀንቅልኝ ጀመር።

ጦርነቱ ያለቀ ክረምት ሰዎች በእግራቸው ከሰሜን ይመለሱ ነበር። አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ በቤቴ ዙሪያ የጎርፍ ቦይ ስቆፍር ከአጥሩ ውጭ፣ “ቤቶች!” የሚል ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት። “ደጆች!” ብዬ በመመለስ ፈንታ ዶማዬን ጥዬ ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል። አጥሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ፈቃድ እንደሚጠብቅ እንግዳ ውጭ ቆሞ ነበር። “ግባ እንጂ! ምን ይገትርሃል?” ብዬ ተቆጣሁት፤ እየተቆጣሁ ነው አንገቱ ላይ የተጠመጠምኩት።

“የድሮው ቤት ሄጄ ነበር” አለኝ። “የማላውቃት ሴት ከፈተችልኝ። የሞትኩት እኔ ነኝ ወይ አልኩ።”

ወንበር ሰጠሁት፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ጠጣ። ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ የቆሸሸ ጫማውን ከምንጣፉ ላይ ሰብሰብ አደረገ።

“ጥሩ ቤት ነው” አለ። “ኪራዩ ስንት ነው?”

“ኪራይ የለውም። የኛ ነው” አልኩት። “የኛ” የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ከበደኝ፤ እሱ እስኪመጣ ድረስ የኔ እያልኩ ነበር የኖርኩት።