አባቴ እጩ አባል በነበረበት ዓመት

እማዬ አባዬን ሳትተወው የኖረችው አንዲት ነገር ስለምታምን ነው፤ ምርጫ አልነበረውም ብላ። ይህን በልጅነቴ አዲስ አበባ ሆና ስትል ሰምቻለሁ፣ ስዊድን መጥተን ብሬዴንግ ከገባን በኋላም ስትል ሰምቻለሁ። «ምን ያድርግ? እምቢ ቢል ይበሉት ነበር» ትላለች። እኔም ነገር አላበዛም።

በአብዮቱ ጊዜ አባዬ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። ጎበዝና ዝምተኛ ስለነበር ኃላፊው ለገዥው ፓርቲ መለመለው። ያን ጊዜ ሰው ልግባ ብሎ አያመለክትም፣ ተመልምለሃል ይባላል እንጂ። ከዚያ ስብሰባ ፊት ቆሞ ሕይወቱን ከልደቱ ጀምሮ ይናገራል፣ የፈለገ ሁሉ እየተነሳ ይጠይቀዋል፣ ካለፈ እጩ አባል ይሆናል። እጩነት መፈተኛ ነው፤ ማን ቤት ገባ፣ ምን ተናገረ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳመ አልሳመ እየተባለ ይታያል። አባዬ ሃይማኖት አለህ ወይ ሲሉት የለኝም ብሎ መጣ። በድቁና ያደገ ሰው ነው እንግዲህ።

ወንድሜ የተወለደው በዚያው እጩነቱ ላይ ነው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። እማዬ ቀኑ ሲቀርብ «አክስቱ ሰፈር ወስጄ ላስነሳው፣ እዚያ ማን ያየኛል?» ብላ ለመነችው። አባዬ ግን ኃላፊው ለብቻው ጠርቶ «በልጅህ እንዳትፈተን፣ እንደ እኔ ቆፍጠን በል» ብሎት ነበርና አይሆንም አለ። «ሙሉ አባል ልሁንና እኔው ራሴ እወስደዋለሁ» አላት።

አርባው አለፈ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ልጁን ሳንባ ምች ያዘውና በማግስቱ ሞተ። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ፍትሐት የለውም፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም። አባዬና አንድ ጎረቤታችን ወስደው ያለ ቄስ ቀበሩት፤ አባዬ ለመሥሪያ ቤቱም አልተናገረም። እማዬ በር ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ጡቷ አግቶ ቀሚሷ ርሶ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ እማዬ ቅዳሴ አታስታጉልም። ለሙታን ጸሎት ሲሆን የአባቷን፣ የእናቷን፣ የእህቷን የክርስትና ስም ለቄሱ ትነግራለች፤ ከዚያ ቆም ትላለች። ለልጇ የምትሰጠው ስም የላትም። አባዬም ጡረታ ከወጣ ጀምሮ አብሯት ይሄዳል፣ ግን ከበሩ አያልፍም፤ በረዶ እየዘነበም ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። እሷ ጋቢውን አስተካክላለት ትገባለች። ስታሳዝነኝ ኖራለች፣ እሱም ያሳዝነኛል።

ዘንድሮ ልጄ ወንድ ልጅ ወለደች። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው፤ ክርስትናውን እሺ ያለችው አያቷ ደስ እንዲላት ብላ ነው። ድግሱን እዚያው ብሬዴንግ አንድ ሎካል፣ የድግስ አዳራሽ መሆኑ ነው፣ ተከራይተን አደረግነው። እማዬ ሕፃኑን ታቅፋ ከእንግዳው መሃል ተቀመጠች። ፊቷ እንደዚያን ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም።

ያ አባዬን የመለመለው ኃላፊ ከሶለንቱና ሰፈር መጣ። አዎ፣ እሱም እዚሁ ከተማ ነው ያረጀው። ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ፣ እዚህ ስጽፈው ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። ማን እንደጠራው እንጃ፤ ድግስ ደግሞ የመጣን ሰው አይመልስም። በልቶ ጠጥቶ ሞቅ ሲለው ሕፃኑን እያየ ወሬ ጀመረ።

«ዛሬማ በአደባባይ ሆነ» አለ። «በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቻችንን ክርስትና የምናስነሳው እንደ ሌባ ተደብቀን ነው። የእኔን ሁሉንም አማቴ ናት ያስነሳቻቸው። እኔ ያን ቀን ስብሰባ እመራለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ወደ እማዬ አየሁ፤ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ ወጥ ልጨምርልዎት?» አልኩት፣ አፉን ላስይዘው ብዬ።

«ጠግቤያለሁ ልጄ። ኮሚቴው በሙሉ ያውቅ ነበር እኮ፣ ሁሉም ያስነሳ ስለነበር ማን ማንን ይከሳል?» ከዚያ ወደ አባዬ ዞረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «አንተስ ያን የመጨረሻውን ልጅህን የት ነው ያስነሳኸው?»

አባዬ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«አላስነሳሁትም» አለ።

«ለምን?»

«እንዳትፈተን ብለኸኝ ነበራ።»

ሰውዬው ሊስቅ ብሎ ያባዬን ፊት ሲያይ ተወው። «አይ አንተ» አለ ቀስ ብሎ። «የምር መስሎህ ነበር?»

እማዬ ሕፃኑን ለልጄ ሰጠች፤ ነጠላዋን አነሳችና «ቤትሽ ውሰጂኝ» አለችኝ። ፋርስታ፣ ቤቴ ወሰድኳት። ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ናት። አባዬ በየጠዋቱ ይደውላል፣ አታነሳም። እኔም ሰው ነኝና ባለፈው ትዕግሥቴ አለቀ።

«እማዬ፣ እሱም እኮ ተታለለ» አልኳት። «በዚህ ዕድሜው ለብቻው ምን ሊሆን ነው? ይቅር በዪው።»

ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ እጇን አላቆመችም።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። «ግን እኔ እስከዛሬ ልጄን ያሳጣኝ መንግሥት ነው ስል ነበር። መንግሥቱ የወደቀ ቀን እልል ብያለሁ። አሁን ባሌ ሆኖ ተገኘ። ማንም አይነካውም ነበር እኮ። ምን ብዬ አብሬው ማዕድ ልቅረብ?»

ስልኬ ጮኸ፣ አባዬ ነው። ኮሪደር ወጥቼ አነሳሁት።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ይቅር ብላሃለች» አልኩት።

ሲያለቅስ ሰማሁት። ከዚያ አፍንጫውን ጠረገና «ታዲያ መቼ ትመጣለች?» አለኝ።