ሀቢቡ ያጠራው ካሴት

ሀቢቡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ማጅራት ገትር ያዘው። ያን በጋ በሰፈራቸው ከአንድ ቤት ሁለት ሰው የተቀበረበት ጊዜ ነበር። አባቱ ለንግድ ርቆ ስለነበር፣ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላት እህቱ ዘይባ አዝላ አታት ሆስፒታል አደረሰችው። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ጆሮው ግን እንደ ድንጋይ ደንቁሮ ቀረ።

በአንድ ጆሮ የሚኖር ሰው ጫጫታ ይጠላል። ሁካታ መሀል ሲጠሩት ድምፁ ከየት እንደመጣ ስለማይለይ እንደ ሞኝ ይዞራል። ሀቢቡ ይህን እየሸሸ አደገ። ወልቂጤ ገብቶ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን፣ ካሴት መቅዳት ሲጀምር በጥራት የሚስተካከለው ጠፋ።

ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፣ የዘይባን ድምፅ ሊቀዳ ቴፑን ተሸክሞ አገር ቤት ወረደ። ዘይባ ከጎረቤቶቿ ጋር እንሰት ስትፍቅ የምታዜመውን በዚያ አካባቢ የማያውቅ አልነበረም። እሷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ በቀርከሃ መፋቂያቸው እየገፉ ይቀበሏታል። ሀቢቡ ግን ቴፑን ከፍቶ ማይኩን እንደደቀነ ፊቱን አጨማደደ።

«መፋቁ ይቁም» አለ። «ድምፅሽን እየበላው ነው።»

«እጄ ካቆመ አፌ መንገዱን አያውቀውም።»

«ሬዲዮ ላይ እንሰት እየፋቀ የሚዘፍን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሬዲዮ መች ቆጮ ይበላና» አለችው፤ ሴቶቹ ሳቁ።

እሱ አልሳቀም። እጃቸውን አስታጥቦ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ዘይባ ሁለት ጊዜ ግጥሙ ጠፋባት፤ በሦስተኛው እንደምንም ዘለቀችው። ወልቂጤ ተመልሶ በሌላ ካሴት ሲገለብጠው ሳሉንም ሳቁንም አስቀረው። እንደዚያ ካሴት የኮራበት ሥራ አልነበረውም። ዘይባ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አኼራ ስትሄድም «ድምፅዋ እኔ ጋ አለ» እያለ ተጽናና።

ባለፈው ዓመት ሩፋይዳ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከጉብሬ ወልቂጤ ሱቁ ድረስ መጣች። የሰው ጆሮና አእምሮ የዜማን ምት እንዴት እንደሚይዝ ከባልደረቦቿ ጋር ታጠናለች፤ የድሮ የሥራ ዘፈን ትፈልግ ነበር። ሀቢቡ ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ በሚኒባስ ወሰደላት። የእህቱ ስም እንዲጻፍ፣ ድምፅዋም ከጥናቱ ጋር እንዲቀመጥ ፈለገ። ሌላ የጠየቀው ነገር የለም።

ካሴቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ከገጠር የተጋበዙ ስምንት ሴቶች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ምቱ በተሰማቸው ቁጥር ፊታቸው ያለውን ሰሌዳ እንዲመቱ ተነገራቸው። በሌሎቹ ዘፈኖች ስምንቱም እጅ አንድ ላይ ይወርድ ነበር። የዘይባ ሲመጣ አንዷ ስትቀድም አንዷ ስትዘገይ እጃቸው ተበታተነ። በመጨረሻ ከድጄ የሚባሉ አሮጊት ማዳመጫውን አወለቁ።

«ይህችን ሴት ማነው ያስጨነቃት?»

ሀቢቡ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከሱ መልስ የጠበቀ አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለ። «እህቴ ናት።»

ከድጄ አፈሩ። «አይ ወንድሜ፣ ድምፅዋስ ማር ነው። ብቻ ሰው ቤት እንግዳ የሆነች ትመስላለች።»

ሩፋይዳ ወደ ጎን ወሰደችው። «ጋሼ ሀቢቡ፣ እየፋቁ የተቀዳ ሌላ ቅጂ የለም? ማጥራቱን ኮምፒውተሩም ይችልልናል። እኛ የምንፈልገው እርስዎ ያጠፉትን ነው።»

ሱቁን ሁለት ቀን ዘግቶ ፈለገ። መጀመሪያ የቀዳበትን ካሴት አገኘው፤ ግን ያኔውኑ ሌላ ነገር ቀድቶበታል። ክር ማባከን አይወድም ነበር። ጉብሬ ተመልሶ ይህንኑ ሳይሸፋፍን ነገራት።

«እንግዲያው ካሴቱን እንዳለ እናስቀምጠዋለን» አለችው። «እንዴት እንደተቀዳ ግን እርስዎ ይናገሩልን።»

መቅጃውን ከፈተች። ውጪ ባጃጅ ይንጫጫ ስለነበር መስኮቱን ልትዘጋ ስትነሣ፣ «ተዪው» አላት። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እህቴ ዘይባ ሐሰን ትባላለች። እንሰት ስትፍቅ ነው የምታዜመው፤ ዜማው ከእጇ ነበር የሚነሣው። ይህን ራሷ ነግራኛለች። እኔ አዋቂ ነኝ ብዬ አስቆምኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ከሁሉ የሚበልጠው ጥራት ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ከሁሉ የሚበልጠው እሷ ያለችኝን መስማት ነበር። አንዱ ጆሮዬ ደህና ነው፤ በደነቆረው አላመካኝም።»