በጠመኔ የተጻፈበት ፒስተን

ዛሬ ከሚሴ ጋራዤ ውስጥ አራት ፒስተን ጆንያ ላይ ደርድሬ ተፋጠናል። የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ጠፍቶኛል።

ሞተሩ ጋሽ ሰይድ ፍየል ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚጭኑበት መኪና ሞተር ነው። ሲሊንደሩ ተበልቶ ዘይት ይጨርሳል።

እንዳይምታታብኝ ብዬ ከማውጣቴ በፊት በየፒስተኑ ላይ ቁጥር ጽፌ ነበር። በጠመኔ። ከዚያ አውጥቼ በናፍጣ አሳምሬ አጠብኳቸው።

ጋሽ ሰይድ ሲመጡ ነገርኳቸው።

«ሱብሃነላህ። እኔ ገበያ ሙሉ ፍየል መሀል የራሴን እለያለሁ፣ አንተ አራት ብረት አቃተህ?»

«ፍየል ፊት አለው፣ ጋሼ።»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ፍየልን ጆሮውን ቆረጥ አድርገን ነው ምልክት የምናበጅለት። በጠመኔ የጻፈበት አይተህ ታውቃለህ?»

ገበያው ከነገ ወዲያ ነው። እኔ የፒስተኖቹን ፊት እያጠናሁ ነው።

እናንተስ ፈታችሁ መግጠም ያቃታችሁ ነገር አለ? ንገሩኝና ልጽናና።