የወንድሜን ስም ያልጠራሁበት ቀን

«አንቺን ገበያ ለገበያ የሚያንከራትትሽ ሌላ ነገር አይደለም፤ በወንድምሽ መቅናትሽ ነው» አለኝ አባቴ ባለፈው ሐሙስ፣ ቀይ አፈር ከተማ ባለው ቤታችን ለምሳ ተቀምጠን።

ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነው እንዲህ ያለው። ወንድሜ ብሩክ አጠገቡ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም። ሽሮውን በእንጀራ ይጠርጋል። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ብሩክ ጥቁር ጋውን ለብሶ፣ ቆቡን ዘንበል አድርጎ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። ቤታችን የገባ ሰው ከወንበሩ በፊት እሱን ነው የሚያየው።

ሥራዬ ንግድ ነው። ሰኞ ካኮ፣ ማክሰኞ ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ እየዞርኩ የፕላስቲክ ጫማ፣ ባትሪና ዶቃ እሸጣለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ ልጅ ሆኜም አልሆነልኝም፤ ስለዚህ «ያንከራትትሻል» መባሉ ምንም አልመሰለኝ። የከነከነኝ «መቅናትሽ» ያለው ነው። ይህችን ቃል አባቴ መጀመሪያ የወረወረብኝ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከጂንካ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ብሩክ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሲማር እኛ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። ተመረቀ ሲባል አባቴ በሬ አረደ። አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ሰው ከዚያ በፊት «ባለ መጋዘኑ» ይለው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «የኢንጂነሩ አባት» ሆነ። በእድር ስብሰባ ላይ እንኳ «የኢንጂነሩ አባት ምን ይላሉ?» ይባላል። ሰፈር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው እኛ በር ላይ ይሰበሰባል፤ ብሩክ ኖረም አልኖረም። አባቴም ወጥቶ ምሰሶውን ወደ ላይ አንጋጦ አይቶ፣ «የመስመር ችግር ነው» ይላል። ሰዉም አምኖ ይመለሳል።

በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዩኒቨርሲቲው፣ እኛ «ግቢው» የምንለው፣ ለአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ። ጂንካ፣ ዲመካና ቀይ አፈር፤ ከየትምህርት ቤቱ ሦስት ሦስት ልጆች። ዋንጫ ነበረው፤ ዋንጫ ግን የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ያሳምር እንጂ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እኛን ያጓጓን ሌላው ነው፤ የሚያሸንፉት ልጆች ክረምቱን እዚያው ግቢ እያደሩ ላብራቶሪ ውስጥ ሊሠለጥኑ ነው። ከእኛ ቡድን ኦይታ የሚባል የበና ብሔረሰብ ልጅ ነበር፤ በክፍላችን በባዮሎጂ የሚስተካከለው አልነበረም። ማይክሮስኮፕ ግን በመጽሐፍ ሥዕል እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እኔም አላየሁም። ሦስተኛዋ ሰላም ነበረች፤ ሒሳብ የእሷ ነው። የቡድኑ አለቃ እኔ ሆንኩ፤ ለምን ቢባል ድምፄ ትልቅ ስለሆነ።

ከጥያቄው ግማሹ ሳይንስ ነው፤ ግማሹ ስለ ግቢውና ስለ ምሩቃኑ። ለዚህኛው ከብሩክ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ቅዳሜ ቅዳሜ ለሥራ ከተቀመጠበት ከጂንካ ሲመጣ ደጃፋችን ላይ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን ያስጠናኝ ነበር። ግቢው ከመሠራቱ በፊት ቦታው ምን ነበር? የበቆሎ ማሳ። ተማሪዎች «ፓርላማ» የሚሉት የት ነው? ከካፌው ጓሮ ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር። ስለ ምሩቃኑማ ሲያወራ ደስ ይለው ነበር። አንዱ መካኒካል ምሩቅ ከተጣለ የሞተር ሳይክል ሞተር የእንሰት መፋቂያ ሠርቶ፣ እንግዶች ፊት ሲያስነሳው ማሽኑ ከቦታው ተነቅሎ እንግዶቹን በእንሰት ነጭ በነጭ አደረጋቸው፤ እሱ ግን ሳይበሳጭ አስተካክሎት ዛሬ በጂንካ ዙሪያ ያሉ የአሪ እናቶች ይፍቁበታል። አንዷ የኬሚስትሪ ልጅ የደፈረሰ የወንዝ ውኃ ሞሪንጋ በሚባለው በሽፈራው ዛፍ ፍሬ አጥርታ ፈታኞቿ ፊት ግጥም አድርጋ ጠጣች፤ «እናንተስ?» ስትላቸው አንዱም ብርጭቆ አላነሳም።

አንድ ነገር ግን አይነግረኝም ነበር። «ከአንተ ጋር ከተመረቁትስ?» ስለው «እሱ አይጠየቅም» ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። ያኔ ልብ አላልኩትም። መፋጠን እንጂ ልብ ማለት የእኔ አይደለም።

የውድድሩ ቀን ሲዘንብ ያደረ ነበር። ከቀይ አፈር ስንነሳ የሚኒባሱ ጎማ በጭቃ ቀልቷል። አባቴ የሠርጉን ኮት ለብሶ ፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ወላጅ ተጋብዟል። ሹፌሩ «የኢንጂነሩ አባት፣ ዛሬ ደግሞ ሴቷን ሊያስመርቁ ነው?» ሲለው ሳቀ። ያን ያህል ደስ ብሎት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ጂንካ እንደደረስን ብሩክ ግቢው ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት ጠብቆኝ ስፕሪስ አዘዘልኝ፤ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ከላይ ቀይ ቪምቶ። እኔም እየጠጣሁ ፊዚክስ መምህራችን የሰማውን ነገርኩት። አዲስ ዙር ተጨምሯል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከራሱ ከተማ ስለወጣ ምሩቅ ይጠየቃል።

«የእኛው ቀላል ነው» አልኩት እየሳቅኩ። «ከቀይ አፈር የመጀመሪያው ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ማን ነው? ስምህን ጠርቼ ነጥቤን እወስዳለሁ።»

ማንኪያው ከእጁ ወደቀ።

«ፅጌ፣ ስሜን እንዳትጠሪ።»

«ምን ሆነሃል?»

«አልተመረቅሁም።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ዙሪያውን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሦስተኛ ዓመት ላይ በውጤት ማነስ ተባሯል። ለቤት መናገር ፈርቶ ጂንካ ቤት ተከራይቶ ስልክ እየጠገነ ተቀመጠ። የምረቃው ዕለት የጓደኛውን ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነሳ። አባባ ሲመጣ አዳራሹ ሞልቷል ብሎ በር ላይ አስቀረው፤ አባባም አጥር ሥር ቆሞ አጨበጨበ።

«በሬ ታርዷል እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አባባ ቢሰማ...»

«ቢሰማ ከቤት ያስወጣኛል። እሱ ራሱስ? በየትኛው ፊቱ እድር ይሄዳል?» እጄን ያዘኝ። «አንድ ዓመት ስጪኝ። ተመልሼ ልግባ፤ ቆይቶም ቢሆን እመረቃለሁ፣ ያኔ እውነት ይሆናል። መጀመሪያ የተመረቀው ሌላ ልጅ ነው፤ አብሮኝ የገባ፣ ቤታቸው እዚያው ከእኛው ገበያ ማዶ። የእኔን ስም ከጠራሽ ጠያቂው መምህር ‹ተሳስታችኋል› ይላል፤ አባባ ፊት። የእሱን ከጠራሽ ደግሞ አባባ ‹የእኔስ ልጅ?› ብሎ ይነሣል፤ ያው ነው።»

ስፕሪሱን ሳልጨርስ ገፋሁት። ስፕሪስ ዛሬም አልወድም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መድረኩ ላይ ሦስት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አንድ ማይክ። ጠያቂው ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ ከረባቱን አሥሬ ይነካካል። አባቴ ከፊት መደዳ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልክ ከእኔ ትይዩ። ብሩክን ፈለግኩት። የለም።

በሳይንሱ እኛ መራን። ሰላም የሒሳቡን ጥያቄ ተነብቦ ሳያልቅ ትመልሳለች። ኦይታ ስለ ሕዋስ ሲጠየቅ እንደ ውኃ አወረደው። በማንጎው ዛፍም፣ በእንሰቱ ማሽንም ነጥብ አገኘን። የቀይ አፈር ልጆች ከኋላ ወንበር ይደበድባሉ። ኦይታ በጆሮዬ «ላብራቶሪው የእኛ ሆነ» አለኝ። እኔ በየጥያቄው ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ዝናቡም ቆርቆሮው ላይ ጀመረ።

«አሁን ቀይ አፈር!» አለ መምህሩ፣ ዝናቡን ለማሸነፍ እየጮኸ። «ከከተማችሁ ወጥቶ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከዚህ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረቀ ማን ነው?»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ይህ ደግሞ ጥያቄ ነው? አባቴ ኮቱን አስተካከለ።

«ብሩክ ነው! ወንድምሽ!» ኦይታ በክርኑ ጎሸመኝ። በዚህ ዙር ሕጉ አለቃው ብቻ ይመልሳል የሚል ነው። ማይኩን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«ተናገሪ እንጂ! ሰዓት እየሄደ ነው!» አለ ኦይታ።

«ፅጌ፣ ምን ነካሽ?» አለች ሰላም።

ማይኩን ለቀቅኩና «አናውቅም» አልኩ።

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «የገዛ ወንድሟን!» ብሎ ጮኸ። አባቴን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ጥያቄው ወደ ዲመካ ልጆች ዞረ፤ እነሱም አያውቁም። ጂንካዎችም አያውቁም። አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

«እንግዲያው ለታዳሚ ክፍት ነው!» አለ መምህሩ።

ይህን አላሰብኩም ነበር። አንድ እጅ ብቻ ወጣ፤ ባርኔጣ የያዘ እጅ።

«እሺ አባባ፣ እርስዎ ይሞክሩ። ማይክ ስጧቸው።»

ማይኩ በመደዳው ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አየሁ። አባቴ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ ያደረግኩትን አላሰብኩበትም፤ አፌ ከእኔ ቀደመ።

«ቅሬታ አለን!» ብዬ በማይኩ ጮህኩ። ተነሣሁ፤ ወንበሬ ወደቀ። «የጂንካ ልጆች ጥያቄው ቀድሞ ተነግሯቸዋል! ውድድሩ የተበላ ነው!»

ውሸት ነው። የመጣልኝ እሱ ብቻ ነበር። የጂንካ ደጋፊዎች ብድግ አሉ። «ማፈሪያ!» «ውሰዷት!» መምህሩ ከረባቱን ያዘ።

«ማስረጃ አለሽ?»

«አለኝ!»

«ምን?»

«ለእናንተ አልነግርም!»

ሳቁና ጩኸቱ ከዝናቡ በለጠ። የጂንካው አለቃ ጠረጴዛችንን ሊገለብጥ መጣ፤ ኦይታ ደረቱን ይዞ ገፋው። ዘበኛ ገባ። ትርምሱ ሲበርድ መምህሩ ጥያቄውን ሰረዘው፣ የቀይ አፈርን ቡድን ከውድድር አስወጣ። የአባቴን ማይክ ማን እንደተቀበለው አላየሁም። ብቻ አባቴን ሳየው ቁጭ ብሎ ነበር፤ ባርኔጣው እግሩ ሥር ወድቋል።

ውጭ፣ ዝናብ ውስጥ ኦይታ አገኘኝ። እሱ ሲናደድ አማርኛው ይጠፋዋል። «እኔ ላብራቶሪ ልገባ ነበር» አለኝ። «አንቺ ምን ነው ያደረግሽ?» እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ አላናገረኝም።

ሚኒባሱ ቀይ አፈር ሊገባ ሲል ነው አባቴ አፉን የከፈተው። ወደ እኔ አልዞረም፤ መስታወቱን እያየ ነው።

«በወንድምሽ ትቀኚያለሽ።»

ያለው ይህን ብቻ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ መግቢያ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ንግድ ጀመርኩ። ብሩክ ተመልሶ አልገባም። አንድ ዓመቱ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ እኔም መጠየቅ ተውኩ። ዛሬ ዲመካ ላይ ሶላር ይገጥማል፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰው ይወደዋል። «ኢንጂነር» ብለው ሲጠሩት አቤት ይላል። አንዳንዴ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሻይ ይጋብዘኛል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥቶ አያውቅም። እኔም ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ብቻ አይመስለኝም፤ ባርኔጣው እግሩ ሥር ወድቆ የተቀመጠው ሰውዬ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ግን አባቴ በዚያች ቃል አልቆመም። እጁን ታጠበና ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ ዛሬ ንገሪኝ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ምን ሆነሽ ነው? ስሙን ጠርተሽ መቀመጥ ሲገባሽ፣ ያን ሁሉ ጉድ ያፈላሽው ለምንድን ነው? አርጅቻለሁ፤ ሳልሰማው አልሙት።»

ብሩክ ጉርሻውን እንደያዘ እጁ ቆመ። መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ያየሁት ፊት ነው፤ ዛሬ ጢም አብቅሏል እንጂ።

ከውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ጂንካ! ጂንካ!» እያለ ይጮሃል። ተነሣሁ። የጫማውን ጆንያ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«ልሸከምልሽ» አለ ብሩክ ሊነሣ እያለ።

«አንተ ተቀመጥ» አልኩት። ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባባ፣ ለምን እንደሆነ ብሩክ ያውቃል። እሱን ጠይቀው።»

በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ።