ለጀርመን የተዘጋው ገጽ

ከሚልን በደንብ አውቀዋለሁ ማለት አልችልም። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጂዛን ክልል፣ አቡ ዓሪሽ ከተማ ውስጥ ወደምሠራበት ሱቅ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፤ ሩዝ፣ ዘይትና የስልክ ካርድ ገዝቶ ይሄዳል። የአባቱን ስም እንኳ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና እሱ ራሱ የነገረኝን ብቻ ነው። የተሳሳትኩት ካለ ጥፋቱ የኔ ነው።

ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። የወሎ ልጅ ነው፣ ከቃሉ በኩል። ከየመን ድንበሩን ሁለት ጊዜ ተሻግሯል፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የማንጎ እርሻ ውሃ ያጠጣል፣ ፍሬ ይለቅማል። መንገድ ላይ እንዳይያዝ የሚመጣው ዋይት በሚሉት የውሃ ማመላለሻ መኪና ነው፤ ሾፌሩ የመናዊ ወዳጁ ስለሆነ ከጎኑ ያስቀምጠዋል። አብረውት የሚሠሩት ልጆች "ኤምባሲው" ይሉታል። ስሙ የወጣለት በስልኩ ምክንያት ነው።

አውሮፓ ውስጥ የሰውን የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ አለ። ሊያነብ የገባን ሰው መረጃ ያለ ፈቃዱ የሚሰበስብ ድረ ገጽ ይቀጣል። በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ያሉ አንዳንድ ጋዜጦች ሕጉን ለማሟላት ከመድከም ይልቅ ለአውሮፓ አንባቢ በሩን መዝጋት ቀሏቸዋል። ጀርመን ወይም ስዊድን ያለ ሰው ገጹን ሲነካ፣ በሕግ ምክንያት ካሉበት አገር መክፈት አይቻልም የሚል ጽሑፍ ይወጣለታል። ጂዛን ላይ ግን ይከፈታል። ስለዚህ አውሮፓ ያሉ የአገሩ ልጆች እምቢ ያላቸውን አድራሻ ለከሚል ይልኩለታል። እሱ ኔትወርክ በሚገኝበት በውሃ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ይከፍተውና የስልኩን ገጽ ፎቶ እያነሳ ይልክላቸዋል። ወረቀት ያለው ወረቀት የሌለውን ይለምናል ብለው ልጆቹ ይስቃሉ። "ኤምባሲው፣ ዛሬ ስንት ቪዛ መታህ?" ይሉታል።

ባለፈው ዓመት የማንጎ ለቀማው ሊያልቅ ሲል የአክስቱ ልጅ ዘምዘም እንዲህ ያለ አድራሻ ላከችለት። ዘምዘም ጀርመን አገር የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። አሜሪካ የሚኖር አሚር ያሲን የሚባል ሰው ሊያገባት ጠይቋት ኒካሁ ሊታሰር ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንድ ቀን ስሙን ከሚኖርበት ከተማ ስም ጋር ኢንተርኔት ላይ ጻፈች። የከተማው ጋዜጣ ዜና ወጣላት። የሚታየው ግን ርዕሱና አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አሚር ያሲን የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ፖሊስ ያዘው ይላል። ስትነካው ተዘጋባት። ስልኳን ሌላ አገር ያለ የሚያስመስለውን ቪፒኤን እንድትጭን ሰዎች መክረዋት ነበር። ነፃውን ብትሞክር ስልኳን በማስታወቂያ ሞላው፤ ለሚከፈለው ደግሞ የባንክ ካርዷን ቁጥር መስጠት ፈራች። አሜሪካ የምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ የአሚር ዘመዶች ናቸው፤ እነሱን ብትጠይቅ ወሬው ለሱ ይደርሳል።

በኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌ ወደ ወንዱ መንደር ሄዶ ጎረቤቱን፣ የአባቱን ባልንጀሮች ይጠይቃል። የዘምዘም አባት ሞተዋል፤ ወንድምም የላትም። ይህ ሥራ በከሚል ላይ ወደቀ።

የመምጫው ቀን ሳይሆን መጣ። ዋይቱ ውጭ ቆሞ ነበር።

"ጋሽ እሸቴ፣ ይችን ያንብቡልኝ" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ስልኩ ራሱ ወደ ዓረብኛ ተርጉሞለት ነበር፤ የሱ ዓረብኛ ግን የእርሻ ዓረብኛ ነው። ከሁሉም "ሰክራን" የምትለዋን ብቻ ለይቶ አውቋል።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ እንጂ በእንግሊዝኛዬ አልመካም። ሁለቴ አነበብኩት። ሰውየው ጠጥቶ ሲነዳ የአንድ ቤት አጥር ጥሶ የቆመ መኪና ገጭቷል። ሰው አልተጎዳም። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከሚል ዘምዘም የነገረችውን ነገረኝ፤ አሚር በሕይወቴ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም ብሎ ምሎላታል።

ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል አልኩት። በኛ አገር የአንድን ሰው ስም ከነአባቱ ብትጠራ ግማሹ ወረዳ አቤት ይላል፤ አያት ካልተጨመረ ሰው አይለይም፤ ጋዜጣው ደግሞ አያት አልጻፈም። ከሚል ገጹን ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ፖሊስ ያነሳው ፎቶ አለ፤ ዓይኑ የቀላ፣ ፀጉሩ የተበታተነ ሰው። ከዚያ ዘምዘም የላከችለትን የሙሽራውን ፎቶ አሳየኝ። አንድ ሰው ነው።

እንግዲህ ላክላት አልኩት። አልላከም። የላከው ለራሱ ለአሚር ነው። በዘመድ ወግ ሰላምታ ሲለዋወጡ ቁጥሩን ይዞ ኖሯል። በድምፅ እንዲህ ብሎ ላከበት፤ "የዘምዘም የአክስት ልጅ ነኝ። ሁለት ቀን ሰጥቼሃለሁ። በራስህ አፍ ንገራት።"

ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ስጠይቀው ስለ ራሱ አንድ ነገር ነገረኝ። መጀመሪያ በፖሊስ በተያዘ ጊዜ ከሌሎች ጋር መሬት ላይ በሰልፍ አስቀምጠዋቸው አንድ ሰው በስልኩ ቀርጿቸው ነበር። እናቱ ያየችው በጎረቤት ስልክ ነው። በሸሚዙ አወቀችው። ከአገር አስወጥተውት ቤቱ ከመድረሱ በፊት ሰፈሩ ሁሉ አይቶት ነበር። ቪዲዮው ዛሬም አለ። የአውሮፓውን ሕግ ሲሰማ፣ ፊትህን ያለ ፈቃድህ የሚያሳይ ይቀጣል ማለት መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ሕጉ ገጹን የዘጋው ለአንባቢዋ ለዘምዘም ብሎ እንጂ ለባለ ፎቶው ብሎ እንዳልሆነ የነገርኩት እኔ ነኝ። "እንግዲያ ሰውየውስ ማን አለው?" አለኝ።

አሚር በማግሥቱ መለሰ። መልእክቱን ከሚል አሰማኝ። "ኢቃማ የሌለው የማንጎ ለቃሚ ነው እኔን የሚመረምረኝ?" ይላል።

ከሚል የመለሰለት አጭር ነበር። "አዎ፣ ኢቃማ የለኝም። ገጹ ግን ለኔ ተከፍቶልኛል።"

በነዚያ ሁለት ቀናት ዘምዘም ደጋግማ ደወለች። ኔትወርክ የለም አላት። ለዚያች ልጅ ዋሽቼ አላውቅም ነበር ብሎኛል።

በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ጽሑፏ መጣ። "ከሚሌ፣ ኸላስ፣ ገጹን ተወው። እሱ ራሱ ነገረኝ።" አሚር ሁሉንም ነግሯታል፤ መጠጡን፣ አጥሩን፣ መንጃ ፈቃዱ መነጠቁን። መኪናዬ ተበላሽታለች እያለ በአውቶቡስ የሚሄደው ለዚህ ነበር። ገጹን ከሚል እንደከፈተው ግን አልነገራትም። ዘምዘም እሺም እምቢም አላለችም። ኒካሁን በስድስት ወር አራዘመችው፤ እስከዚያ አየዋለሁ አለች።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፣ ዕቃውን እየሰበሰብኩለት። የገጹን ፎቶ ከስልኩ አጥፍቶት ነበር። እኔ ሰው መጠየቅ አልወድም፤ ይህን ግን ሳልጠይቀው መቅረት አልቻልኩም።

"ሁለቱ ቀን አልፎ አሚር ዝም ቢል ኖሮ፣ ትልክላት ነበር?"

ከሚል የዘይቱን ጀሪካን አነሳ። ውጭ ዋይቱ ጡሩንባ ነፋ።

"ጋሽ እሸቴ" አለኝ፣ "ይችን አይጠይቁኝ።"