«በእጅ አይነካም» የተባለው ጋን

ለመንደራችን ታሪክ ማስቀመጫ አንዲት ክፍል ያገኘሁት ስንት ጊዜ ቀበሌ ተመላልሼ ነው። የማዳበሪያ መጋዘን ነበረች። ሊቀመንበራችን ቁልፉን ሲሰጠኝ ፊቱ አልተፈታም። «ከሰቆጣ ባለሙያ መጥቶ ያያታል። የቅርስ ክፍል ናት ካለ ያንቺ ናት። ባዶ ግድግዳ ካየ ግን ማዳበሪያዬ ይመለሳል» አለኝ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። በጨዋታ ግን የሚያህለኝ የለም። ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ እያሳቅሁ፣ ዕቃ ለመንኩ። ከአንዱ ቤት የፍየል ቆዳ አቁማዳ፣ ከሌላው የቀንድ ዋንጫ፣ ከአሮጊቷ ጎረቤቴ ደግሞ አማታቸው የሠሩትን ትልቅ ጋን ተቀበልኩ። የእያንዳንዱን ስም በአማርኛና በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ጽፌ ከበላዩ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የጋኑን ግን እሆዱ ላይ ነው የለጠፍኩት። ሁሉም ላይ «በእጅ አይነካም» የሚል ጨመርኩበት።

ከዚያ እናቴ ታመመችብኝና ቁልፉን ለጎረቤቴ ትቼ እሷ ያለችበት ዝቋላ ወረዳ ወረድኩ። ሁለት ሳምንት አስታምሜ፣ ባለሙያው በሚመጣበት ቀን ማለዳ ደረስኩ። የክፍሏን በር ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ወረቀቶቼ በተርታ «በእጅ አይነካም» ይላሉ፤ የሚነካ ነገር ግን የለም።

«ሌባ!» እያልኩ ጎረቤቴ ቤት ዘው አልኩ። እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ከጋኑ ጠላ ይቀዳሉ።

«እማማ! ዕቃዎቹን ምን አደረጓቸው?»

«ምን ያስጮህሻል? ለየባለቤቱ ሰጠኋቸው። ትልቅ እንግዳ ይመጣል አላልሽም?»

«ዕቃዎቹን ሊያይ ነዋ የሚመጣው!»

«ታዲያ በምን እናስተናግደው? በፕላስቲክ?»

«ታሪክ እኮ ነው፣ እማማ!»

«ጋኔ ነው። ታሪክ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ያኔ የመኪና ጡሩንባ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ሊቀመንበሩ ባዶዋን ክፍል ለባለሙያው እያሳየ ጥርሱን መክደን አቅቶታል። ባለሙያው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበና «ዕቃዎቹስ የት ሄዱ?» አለኝ።

ምን ልበል? «ሥራ ላይ ናቸው» አልኩት።

ወረቀቶቼን ከግድግዳው ላጥኩና ባለሙያውን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዷ ቤት አቁማዳው የድግሱን እህል እንደያዘ አገኘነው። ሌላው ቤት ጠጅ በቀንድ ዋንጫው ቀረበለት፤ ሳይጠጣ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ከዚያ ጨለጠው። ጎረቤቴ ጋ ስንደርስ «በእጅ አይነካም» የሚለው ወረቀት ጠላ ፈሶበት ርሷል።

«ይሄን ማን ሠራው፣ እማማ?» አላቸው።

ስለ ጋኑ ለእኔ ሁለት ቃል ብቻ የነገሩኝ ሴትዮ፣ አፈሩ ከየት እንደመጣ፣ አማታቸው ሲሠሩት ከማን ጋር እንደተጣሉ፣ አንዱን ከሌላው እየመዘዙ ሲተርኩ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ባለሙያው ደብተሩ ሞላበት። ሲነሳ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረና «ክፍሏ የቅርስ ናት። ዕቃዎቹ ግን ነገውኑ ይመለሱ» አለ።

ሁሉም ታጥቦ ተመለሰ። ጎረቤቴ ብቻ ጋኑን ከነተረፈው ጠላ በአራት ሰው አሸክመው አመጡት። «ለማን ብዬ ልድፋው?» አሉ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩን ክፍሏ ውስጥ፣ እጋኑ አጠገብ አገኘሁት፤ የቅርሱን ደኅንነት ሊያይ መጥቶ ኖሯል። ወረቀቱን በጣቴ አሳየሁት።

«አንብቤዋለሁ» አለኝ። «በጣሳ ነው የነካሁት።»